ሙዙም ዳታቤዙም የት ይጫን

ልጆቹ ከባንክ ወይም ከቀበሌ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ቁጥር ይህን ነገር ንገሪን ይሉኛል። «እማማ፣ ዛሬም ሲስተም የለም ተባልን፤ እስቲ ያን የሙዙን ነገር አጫውቺን» ብለው ዙሪያዬን ይቀመጣሉ። ስነግራቸው በሳቅ መሃል መሃሉን ያመልጣቸዋል፤ እኔም እየዞርኩ ሌላ ወሬ ውስጥ እገባለሁ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ጽሕፈቴ እንደ እግሬ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ትምህርት ቤትን የማውቀው ከበሩ ነው፤ በሩ ላይ ቆሜ የፈተልኩትን ጥጥ ሸጫለሁ። ፊደሉን የለቀምኩት ከልጆቼ ደብተር ነው። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ስለሆነ ደግሞ አማርኛዬ አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። የሚያርሙልኝ የልጅ ልጆች ስላሉኝ አልሰጋም።

ቤትሽ የት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቶሎ መልስ አያገኝም። ሴቷ ልጄ ሴቻ ትኖራለች፣ ወንዱ ሲቀላ፤ ሁለቱም የከተማችን ሰፈሮች ናቸው። ሲቀላ ሲሞቀኝ በሚኒባስ ወደ ሴቻ እወጣለሁ፤ ሴቻ ጭር ሲልብኝ ደግሞ ወደ ሲቀላ ገበያ እወርዳለሁ። ሰው ሲያየኝ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ። ግን ጋቢ ተሸክሜ አልዞርም። ሴቻም ጋቢ አለኝ፣ ሲቀላም ጋቢ አለኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዶርዜ ሸማኔ ነበር፤ ሁለቱንም የሠራው እሱ ነው። ስለ ጋቢው ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ኋላ ይመጣል።

ሲስተም መጀመሪያ ሰው ይመስለኝ ነበር። ቢሮ ደጃፍ ቆሜ «ሲስተም የለም» ሲሉኝ «የት ሄደ?» እላለሁ።

«አይታወቅም እማማ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱም አይታወቅም።»

ይህ ሰው ሥራ የሚገባበት ቀን የለውም ወይ፣ ደሞዙንስ በምን አፉ ይጠይቃል እያልኩ እገረም ነበር። አንዴማ ታሞ እንደሆነ ብዬ አድራሻውን ጠይቄአለሁ። ሲስተም ሰው እንዳልሆነ ያስረዳችኝ ልጅቷ ናት።

ልጅቷ የምላት የወንዱ ልጄን ልጅ ነው። እዚሁ ከተማችን ኮምፒውተር ተምራ፣ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙ ገበሬዎች የተሰባሰቡበት አንድ ማኅበር በኮንትራት ቀጠራት። ቢሮው ሲቀላ ነው፤ ከወንዱ ልጄ ቤት አይርቅም፤ ስለዚህ ሲቀላ ስሆን ምሳዋን ይዤላት እሄዳለሁ። ምሳው ምክንያት ነው። የቢሮው ኮሪደር ላይ ያለው አግዳሚ ጥላ ስር ስለሆነ፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰው ማየት ስለምወድ ነው የምሄደው።

የማኅበሩ ሥራ እንዲህ ነው። ገበሬው ሙዙን በጋሪ ያመጣል፤ ይመዘናል፤ ልጅቷ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባዋለች፤ ኮምፒውተሩ ወረቀት ያወጣል። ወረቀት የሌለው ሙዝ መኪና ላይ አይወጣም። ታዲያ መብራት ሲመላለስ ኮምፒውተሩ ይወድቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ሙዙ ደጅ ላይ ተቆልሎ ሲስተምን ይጠብቃል። የኛ ቆላ ፀሐይ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም። ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ የመጣ ሙዝ ከሰዓት በኋላ መልኩን ይለውጣል፤ የገበሬውም መልክ እንደዚያው።

ማኅበሩ መላ አገኘሁ ብሎ ሁለት አዳዲስ ማሽን አስመጣ። በሁለቱ ማሽኖች መካከል አንድ ሳጥን አለ። የገበሬው ሁሉ ሂሳብ የሚቀመጠው ሳጥኑ ውስጥ ነው። አንዱ ማሽን ይሠራል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያየዋል። የሚሠራው የወደቀ እንደሆነ የተቀመጠው ይነሣና ከዚያው ሳጥን እያነበበ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ክላስተር ይሏቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን ጠርቶ እንዲህ አላት፦ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ እነሱ ፊት ዋናውን እናጠፋለን፤ ምክትሉ ተነሥቶ ሥራው ከቀጠለ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ፤ ካልቀጠለ ኮንትራትሽ አይታደስም። ማታ ይህን ነገረችን። እሷ «ካልታደሰልኝ አዲስ አበባ ሄጄ እፈልጋለሁ» አለች። እኔ እንጀራዬን ማጣቀስ አቆምኩ። አዲስ አበባ የሄደ ልጅ የሚሳመው በስልክ ነው። ስልክ ደግሞ ጉንጭ የለውም።

ማሽኖቹ የገቡ ሰሞን አግዳሚዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ለሥራ አስኪያጁ ታስረዳለች።

«ጋሼ፣ ዋናው ሲወድቅ ምክትሉ ይነሣል ማለት ነው።»

እኔ ምን አገባኝ፣ ግን አፌ አያርፍም። «ለምን ትወድቃለች? አስራችሁ አታስቀምጧትም?» አልኩ።

ልጅቷ ሳቀች። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። መጀመሪያ «እማማ፣ ዋናውን እሷ አይበሉት» ብሎ አረመኝ። እንደ አነጋገሩ አንቱ ልበለው እንዴ ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ «እማማ ያሉት እውነት ነው። ይህ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ለምን ይወድቃል?» አለ።

«ጋሼ፣ መውደቅ ማለት እኮ ድንገት መጥፋት ማለት ነው።»

«ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል?» አለና ፊቱ ተለዋወጠ። «እንግዲያው በደንብ ይታሰር።»

በማግስቱ ብረት ሠራተኛ መጥቶ ሁለቱንም ማሽን ከብረት መደርደሪያው ጋር በብሎን ጠፍሯቸው ሄደ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ልጅቷ ዋና ያደረገችው የታችኛውን ነበር፤ ለምን እንደሆነ ነግራኛለች፣ ግን አልያዝኩትም፤ ስለ ሙቀት ነገር ነው። ሥራ አስኪያጁ በትልልቁ «ዋና» እና «ምክትል» የሚል ወረቀት አስጽፎ በየግንባራቸው አስለጠፈ።

ምክትል ስል፣ ማኅበሩ ሰው ምክትልም ነበረው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲሄድ፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ይሄዳል፣ ገበሬው ወደ ምክትሉ ይመጣል።

«ይቺን ፈርምልኝ ጋሼ።»

«ማኅተሙ እሳቸው ጋ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«እሱም እሳቸው ኪስ ነው።»

«ታዲያ አንተ ጋ ምን አለ?»

«ወንበር አለ፤ ቁጭ በልና እንጠብቃቸው» ይላል፣ ከልቡ ነው፣ አይቀልድም። አብረው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ብዙ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ተዋውቋል። እኔ ራሴ ከሱ ጋር የተግባባሁት እንደዚያ እየጠበቅሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቅ ልምጣ። ማሽኖቹ ገብተዋል፣ ሳጥኑ ገብቷል። የቀረው ዳታቤዝ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ሂሳቡን የሚጽፈውና የሚያነበው እሱ ነው። በአማርኛ የመረጃ ቋት ይባላል አሉኝ፤ ቋት እኔ የማውቀው የወፍጮ ቤቱን፣ ዱቄቱ የሚወርድበትን ነው። የት ይጫን የሚለው ነገር ነው ሁሉን ያመሰው። አንድ ቀን ከቢሮ ስንመለስ ልጅቷ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ሁለት ሸማኔ አስቢ። ክሩ በመካከላቸው በአንድ ሳጥን ነው ያለው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀጥላል። መወርወሪያው የት ይሁን?»

«በየእጃቸው ነዋ። የራሱ መወርወሪያ የሌለው ሰው ክር ቢደረደርለት ምን ሊሠራ ነው?»

«ክሩስ?»

«ክሩማ አንድ ቦታ ይሁን፤ አለዚያ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ሲሠራ ይገናኛሉ።»

«በቃ፣ ፕሮግራሙ መወርወሪያው ነው፤ ሂሳቡ ክሩ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱም ማሽን ላይ፣ በየራሳቸው ሆድ ውስጥ መጫን አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ሂሳቡ ብቻ ይቀመጣል።»

«ጋቢዬ ማለት ነዋ» አልኳት። «እኔ አንድ ነኝ፣ እመላለሳለሁ፤ ጋቢው ግን በየቤቱ አለ።»

ቆም ብላ አየችኝ። «ይህን ለሥራ አስኪያጁ ንገሪልኝ» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም።

ነገሩ ስብሰባ ተጠራለት። የኮሚቴው ሰዎች፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትሉ፣ ልጅቷ። በሩ በሙቀቱ ምክንያት ክፍት ስለሆነ እኔም ከአግዳሚው ሆኜ ስብሰባውን ተካፍያለሁ ማለት ይቻላል። ልጅቷ ሁለቱም ላይ ይጫን አለች። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ።

«ፕሮግራሙ ያው አንድ ዓይነት አይደለም?»

«አንድ ዓይነት ነው።»

«እና አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጫን ምን ይባላል? ድግግሞሽ ይባላል። ዋናው ላይ ይጫን። ዋናው እያለ ምክትሉ ማወቅ ለምን ያስፈልገዋል?»

«ዋናው ሲወድቅስ ጋሼ?»

«ታስሯል አይደለም እንዴ?»

አንድ የኮሚቴ አባል፣ ሰው ማስታረቅ የሚወድ አረጋዊ ገበሬ፣ «ታዲያ ሁለቱ እንዳይቀያየሙ መሃል ሳጥኑ ውስጥ ይጫን» አሉ። ልጅቷ ሳጥኑ ማስቀመጫ ብቻ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ገብቶ ካልተላመደ ምክትሉ ሳጥኑን ከፍቶ ማንበብ እንደማይችል ለስለስ ባለ ቋንቋ ነገረቻቸው። አረጋዊው «ማንበብ ካልቻለ ምክትል ያደረገው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ ሰው ምክትሉ ዞሩ። ለምን እንደዞሩ እነሱም አያውቁም።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ሥራ አስኪያጁ።

«እሳቸው እንዳሉ» አለ ምክትሉ። ከዚያ የሚያናግረው ራሱን ሥራ አስኪያጁን መሆኑን ሲያስታውስ «እርስዎ እንዳሉ» ብሎ አስተካከለ።

ውሳኔው ጸና፦ ዋናው ላይ ብቻ ይጫን። ልጅቷ የታዘዘችውን ጨርሳ ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ማንም እንዳይነካካው ብሎ ክፍሉን ቆለፈና ቁልፉን ከማኅተሙ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከተተው። ልጅቷ እንደገና ለመነችው፤ አልሆነም። እቤት መጥታ ሻንጣዋን ከአልጋው ስር ስታወጣ አየሁ። ቆሻሻውን ለማራገፍ ነው አለችኝ። ምን አራገፈች፣ ልብሷን ታጣጥፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ጸሐፊዋ ማስታወቂያ ለጠፈች። ሥራ አስኪያጁ እንዳናገራት ነው የጻፈችው፤ እሷን አልወቅስም። «ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች በተገኙበት የክላስተሩ የጭነት ሥነ ሥርዓት ስለሚካሄድ ሁሉም አባላት እንዲገኙ» ይላል።

እንግዲህ በኩልፎ ዳር ለሚኖር ሰው ክላስተር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማሳቸው ኩታ ገጠም የሆነ ገበሬዎች አብረው ሲያለሙ ክላስተር ይባላሉ። የግብርና ሰዎች ለዓመታት ክላስተር ክላስተር እያሉ አስተምረዋቸዋል፤ ስሙን ስትጠይቁት ክላስተሩን የሚነግራችሁ ሰው አለ። ጭነት ደግሞ ጭነት ነው። ማስታወቂያው ለእነሱ የሚለው፣ ቅዳሜ ጠዋት እንግዶች እያዩ የክላስተሩ ሙዝ ይጫናል ነው። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሙዛቸውን ቆረጡ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ልጅቷ ስንደርስ በሩ አይታይም። የሙዝ ዘለላ በዘለላ ላይ ተቆልሎ፣ ጋሪ ከጋሪ ተጠላልፎ፣ አህያው፣ ሰዉ፣ ሁሉም ጭነት ጭነት ይላል። ሙዙን የሚገዙት የጅምላ ነጋዴ፣ ሐጂ የምንላቸው ከወደ ስልጤ የመጡ ሰው፣ ወሬውን ሰምተው አይሱዙዎቻቸውን አሰልፈዋል። ልጅቷ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ማን ቁረጡ አላችሁ?»

«ጭነት ብላችሁ ለጥፋችሁ የለ?» አላት አንዱ።

«የኮምፒውተር ጭነት ነው ወንድሜ።»

«እህቴ፣ ኮምፒውተር ለመጫን ባጃጅ ይበቃል። እኛ ክላስተር ነን።»

«ክላስተር የተባለው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ መቼ ተደራጀ? እኛ ከተደራጀን ስንት ጊዜያችን።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ እኔ መኪና አቁሜያለሁ። ሙዙንም ጫኑ፣ ኮምፒውተሩንም ጫኑ፣ ብቻ ፀሐይዋ ሳትከር የሆነ ነገር ጫኑልኝ» አሉ።

በዚህ መሃል ከግቢው ማንጎ ዛፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ ወርዶ ከክምሩ የድርሻውን አንሥቶ ተመልሶ ወጣ። ያን ቀን ያለ ወረቀት ሙዝ የወሰደ እሱ ብቻ ነው።

የተቆረጠ ሙዝ ተመልሶ አይተከልም። ስለዚህ አሁን ነገሩ ኮንትራት ብቻ መሆኑ ቀረ። እንግዶቹ ፊት ሥራው ከቆመ ያ ሁሉ የሰው ልፋት ደጅ ላይ ሊጠቁር ነው፤ ገበሬውም የሚያየው መስኮቷ ጋ የተቀመጠችውን ልጅ ነው እንጂ ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለ አያይም። ልጅቷ መስኮቷ ጋ፣ ሚዛኑ አጠገብ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። እኔ ወደ ኮሪደሩ ገብቼ አግዳሚዬን ያዝኩ።

ሥራ አስኪያጁ አዲስ ኮት ለብሶ መጣ። ክምሩን አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ ማስታወቂያውን አየ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «በጣም ጥሩ» አለ፣ «እንግዶቹ ሥራ ላይ ያገኙናል።» ከዚያ ምክትሉን አስከትሎ የማሽኑን ክፍል ከፈተ። በሩ ከአግዳሚዬ ፊት ለፊት ነው፤ ውስጡ ባይታየኝም ይሰማኛል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ዋናው ከታች፣ ምክትሉ ከላይ? እንግዶቹ ምን ይሉናል? ይህ ቢሮ ሥርዓት የለውም አይሉም? አስተካክል።»

«እሺ።»

ሥራ አስኪያጁ እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ። ምክትሉ ውስጥ ቀረ። መሳቢያ ሲስብ ሰማሁ፤ መሳቢያው እምቢ አለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ወጣ። ያን የሚያክል ማሽን እንዴት ብቻውን አገላበጠው ብዬ ክንዱን አየሁት። ክንዱ የመፍተያ እንዝርቴን ያህል ነው። ከቀጭን ሰው ኃይል የሚገኝበት ጊዜ አለ ብዬ ተውኩት።

እንግዶቹ ገቡ። ዋናው እንግዳ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ውሃም አልጠጣ፣ ሙዝም አልቀመሰ። «ሥራው እየተሠራ ሳለ እንየው» አለ። ልጅቷ መስኮቷ ጋ የአንዱን ገበሬ ሙዝ እያስገባች ነበር፤ ገበሬው እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ይጠብቃል፤ ሐጂ ከኋላው ቆመዋል። እንግዳው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ።

«ዋናው የቱ ነው?»

«ያው ተጽፎበታል» አለ ሥራ አስኪያጁ በኩራት።

«ዋና» ብሎ አነበበ እንግዳው። ከዚያ ገመድ ሲነቀል ሰማሁ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ጠርሙስ እንደመክፈት።

እኔ ያየሁት ልጅቷን ነው። ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተቀመጡ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አልጋው ስር ያለው ሻንጣ ታየኝ። የአዲስ አበባው መናኸሪያ ታየኝ፤ አይቼው አላውቅም፣ ግን ታየኝ።

ወረቀት ማውጫው ተንኮሻኮሸና ወረቀቱን ተፋው።

ገበሬው ወረቀቱን አንሥቶ፣ ገልብጦ አይቶ፣ ሄደ። «ቀጣይ» አለች ልጅቷ። ድምጿ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስላል። ቀጣዩ መጣ፤ ተመዘነ፤ ወረቀት ወጣለት። እንግዳው አጨበጨበ፤ ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፤ ምክትሉ አጨበጨበ፤ ውጪ ያለው ሕዝብ ለምን እንደሆነ ባያውቅም አጨበጨበ። ያላጨበጨበችው ልጅቷ ብቻ ናት። የተገረመ ሰው ዓይን ነበራት፤ ቀብሩ ላይ የቆመችለትን ሰው ገበያ ላይ ያገኘች ትመስላለች። አንዴ ወደ ማሽኑ ክፍል ዞር ብላ አየች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ሙዙን መመዝገብ ቀጠለች።

ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። ሁለቱ ክላስተሮቻችን፣ የምድሩም የኤሌክትሪኩም፣ ዛሬ ተገናኙ አለ። በአንድ ቦታ ብቻ በመጫን ድግግሞሽን አስቀርተናል አለ። እንግዳው ይህን ሲሰማ ግንባሩን ትንሽ ቋጠረ፤ ግን የምሳ ሰዓት ነበር። ሐጂ አይሱዙዎቻቸውን ሞልተው ሄዱ። ማታ ግቢው ውስጥ የቀረው ቅጠልና የዝንጀሮው ልጣጭ ነው።

ልጅቷ ቋሚ ሆነች። ሻንጣው ወደ አልጋው ስር ተመለሰ። በማግስቱ እንጀራዬን በደንብ አጣቅሼ እየበላሁ ጠየቅኋት።

«አትጫኚ ያለሽን በድብቅ ጭነሽ ነው አይደል? መወርወሪያውን በሁለቱም እጅ?»

«እማማ፣ ባዘዙኝ ቦታ ነው የጫንኩት» አለች።

«አባትሽ እንዳይሰማ ነው?»

«አይደለም። እውነቴን ነው።»

እኔ የምትሸሽገኝ መሰለኝ። ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ በየት ገብታ ጫነች ብዬም አልጠየቅሁ። ደስ ሲለን ብዙ ነገር አንጠይቅም። ሴቻ ወጥቼ ለጎረቤት ሁሉ፣ የልጅ ልጄ አለቃዋን አልታዘዝም ብላ ማኅበሩን አዳነች እያልኩ አወራሁ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በየስብሰባው፣ በእኔ መመሪያ አንድ ቦታ ብቻ ተጭኖ ሠራ እያለ ያወራል። የሁለታችን ወሬ ሚኒባስ ውስጥ የተገናኘበት ቀን ሁሉ ነበር።

ቋሚ በሆነች ሰሞን የክፍሉ ቁልፍ ቅጂ ለእሷም ተሰጣት። ቋሚ ሰው ይታመናል። በተሰጣት ማግስት ክፍሉን ዘግታ ስትሠራ አመሸች። በቀጣዩ ክረምት መብራት እንደ ልማዱ ሲመላለስ ዋናው እውነትም ወደቀ፤ ምክትሉ ተነሣ፤ ገበሬው ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ፤ ማንም ምንም አላወቀም፤ ማንም አላጨበጨበም። ልጅቷ ያን ቀን እቤት ስትገባ ታንጎራጉር ነበር። እኔም እንግዲህ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር አልኩ።

ዓመታት አለፉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ስብሰባው ግን እዚሁ ቀረ አሉ። ምክትሉ ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሲያየኝ እንደ ድሮው ብድግ ሊል ሲል ጣሪያው ጭንቅላቱን መታው። ስለ ልጅቷ ጠየቀኝ፤ ደህና ናት አልኩት። ዳገቱን ስንወጣ ያን ቅዳሜ አነሣን፤ ሙዙን፣ ሐጂን፣ ዝንጀሮውን። ሁለታችንም ሳቅን።

«እኔን የሚደንቀኝ» አልኩት፣ «ያን ከባድ ማሽን ብቻህን እንዴት እንዳገላበጥከው ነው። እጅህን አይቼ ነበር እኮ።»

«የቱን ማሽን እማማ?»

«አስተካክል ሲልህ ነዋ። ከታች የነበረውን ወደ ላይ፣ ከላይ የነበረውን ወደ ታች።»

«ማሽኖቹ እኮ በብሎን ታስረው ነበር። እርስዎ አይደሉ ያሳሰሯቸው?» አለ። «መፍቻ ያስፈልግ ነበር። የመፍቻው መሳቢያ ደግሞ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው። እንግዶቹ ደጅ ላይ ናቸው፤ ምን ላርግ? ወረቀቶቹን ላጥኳቸውና አቀያየርኳቸው።»

ዋና የሚለውን ከታች አንሥቶ ከላይ ለጥፎታል። ያን ቀን እንግዳው ገመዱን የነቀለው፣ ምንም ካልተጫነበት፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሥራ ፈቶ ከተቀመጠው ማሽን ነበር።